የግራ ጎረቤት

ሲያዩት አንድ ሳጥን፣ ነጭ፣ ባዶ ሜዳ፣
ጥጉ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቀጭን እንግዳ።
«ጻፍ» ይላል ዝም ብሎ። ሰውም ይጽፍበታል፤
ከሥሩ ስንት ጉድ እንዳለ ማን ያውቃል?

እኔ ግን አውቃለሁ። ታርቱ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በጥር ውርጭ ተጋርዶ፣
የኡርማስን ኮድ ወርሼ ተቀመጥኩ፤
አርባ ሺህ መስመሩን እንደ ሙግት መዝገብ አገላበጥኩ።
ኡርማስ ጡረታ ወጣ፤ ጀልባ ያድሳል አሉ፤
በኮዱ መሃል ግን ንግግሮቹ አሉ፦
«ይህን አትንኩ፤ እኔ ነክቼ አይቻለሁ።»
«ይህ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም፤ ስሞት እጠይቃለሁ።»

ጽሑፍ ወጥ ጨርቅ አይደለም፤ ቡትቶ ነው፣ የተጣጣፈ፤
አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ዘመም ያለ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ጎን ለጎን የተሰለፈ።
ጸጸት እንኳ ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት ቀኑ ወደኋላ ይዞራል፤
ግን እስከ መቶ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ይረሳል።
በቋንቋችን ኮፍያ የምትደፋ ፊደል አለች፤
አንዴ ስንሰርዛት ኮፍያዋን ብቻ ጥላ ባዶ ራሷን ቆማ ቀረች።
(ሁለት ሳምንት ፈጀብን እሷን በክብር ለመቅበር።)

መከራው ግን ስፌቱ ላይ ነው። ጠቋሚው ስፌት ላይ ሲቆም፣
ከግራው ደማቅ ቃል፣ ከቀኙ ተራ ቃል፣ እሱ የማንም፤
አሁን አንድ ፊደል ቢመጣ፣ ገና ያልተወለደ፣
ማንን ይመስላል? የማንን ደም ይዞ ወረደ?
ኡርማስ ወሰነ፦ «ፊደል የግራ ጎረቤቱን ይውረስ።»
ዘጠኝ ዓመት ማንም አልተከራከረው፣ እንዴል እስኪጽፍለት ድረስ።

እንዴል የረግረግ ጠባቂ ነበር፣ በሶማ ምድር፣
ውሃው ስንት ጣት እንደጨመረ በየማለዳው ሲቆጥር።
አምስተኛ ወቅት ይሉታል እዚያ፣ ጎርፉ ደጅ ድረስ ሲመጣ፣
ሰው ከገዛ ቤቱ በታንኳ ሲወጣ።
የውሃውን መዝገብ በኛ ሳጥን ነበር የሚጽፈው።
ለኡርማስ የላከው ደብዳቤ ይኸው፦

«የሚስቴን ስም አደመቅኩት፤ ሄልጋ፣ ኅዳር ላይ ያረፈች፤
ከዚያ ወዲህ የጻፍኳት ቃል ሁሉ እሷን መሰለች።
ውሃው ደማቅ፣ ጣቱ ደማቅ፣ ሽመላው ደማቅ፣ ቀኑ ደማቅ።
የታመመው ፕሮግራሙ ነው ወይስ እኔ? ልወቅ።»

ኡርማስ «ቃሉ ሲያልቅ ድምቀቱም ይለቅ» የሚል አዲስ ሕግ ጻፈ፤
ፈተነው፣ ወደቀ፤ ፈተነው፣ ወደቀ፤ በሦስተኛው ሌሊት አለፈ።
ላከለት። ከአሥር ቀን በኋላ መልስ መጣ፣ አንድ መስመር፦
«አመሰግናለሁ፤ አሁን ትክክል ነው። ብቻ፣ በፊት ያማረ ነበር።»

የሞተውን ኮድ ልቆርጥ፣ ቤት ላጸዳ ተነሥቼ፣
ማንም የማይጠራው የሚመስል ማብሪያ አየሁ፣ ጓዳ ገብቼ።
ሲበራ ድምቀቱ አይቆምም፤ ከስፌቱ አልፎ ይፈስሳል፤
እንደዚያ ውሃ፣ በአምስተኛው ወቅት፣ ደጁን ያዳርሳል።
በመመሪያው የለም። በምርጫዎቹ ዝርዝር የለም።
ስሙን የማያውቅ ቢፈልገው አያገኘውም።
ከላዩ የእንዴል ደብዳቤዎች፣ ከነቀናቸው፣ ተገልብጠዋል፤
ከዚያ የኡርማስ ቃል፦ «አትሰርዙ። አንድ ሰው ይጠቀምበታል።»

ይህ ከተጻፈ አሥራ አንድ ዓመቱ።
እንዴል ይኑር አይኑር፣
ውሃውን አሁን ማን እንደሚለካው፣
አላውቅም። አልጠየቅኩም።
ጣቴ መሰረዣው ላይ ነበር፤ አልተጫንኩም።

ሻዬ ቀዝቅዟል።
ከመስኮቱ ሥር፣ በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ፣ አንድ ሰው ውሻውን ይዞ በእግሩ ተሻግሯል።
ከኡርማስ መስመር ሥር «እኔም አይቻለሁ፤ ትሪን» ብዬ አከልኩ፤
ፊደሎቼ ወዲያው የሱን ግራጫ ለበሱ፤ እንዳሉ አስቀመጥኩ።